ጋሽ ሜትርና ስምንቱ ወንበሮች

የአርክቴክቸር መምህሩን ተማሪዎቻቸው ጋሽ ሜትር ይሏቸዋል፤ ኪሳቸው ያለ ሜትር ውሎ አያውቅምና። በሠርጋቸው ዕለት እንኳ አዳራሹ በር ላይ ቆመው፣ “ይሄ በር ለሁለት ሰው ይጠባል” እያሉ ሲለኩ ሙሽሪትን ፀሐይ ላይ አቁመዋታል።

ሃያ ሦስት ዓመት አስተማሩ። ማዕረጋቸው ግን ጥናት ባለማሳተማቸው ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ወገባቸውን ጠበቅ አድርገው አንድ ጥናት ጀመሩ፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ምን ዓይነት ቦታ ይመቸዋል? ለሙከራ ያህል በኮሌጁ ምድር ቤት፣ መጥረጊያና ባልዲ ከሚቀመጥበት ክፍል ፊት ለፊት ስምንት ወንበር ደረደሩ።

በማግስቱ ጠዋት ደብተራቸውን ይዘው ሲመጡ ወንበሮቹ ጢም ብለዋል። ሦስት ሰዎች ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

“እህቴ፣ ምን ጉዳይ ይዘሽ ነው?” አሏት ፋይል የታቀፈችውን ሴት።

“እኔ ምን አውቄ! ሰው ከተሰለፈ አንድ ነገር ቢኖር ነው ብዬ ነው።”

“ይሄ እኮ የመጥረጊያ ክፍል ነው!”

“አይ ጋሼ፣ በዚህ ዘዴ አስነሥተውን ሊቀድሙ? ከኋላ ይሰለፉ።”

ቢጨንቃቸው ሮጠው ለዲኑ ነገሩ። ዲኑም፣ “ታዲያ ባለጉዳይ ለምን ይጉላላል?” ብለው አንዲት ጸሐፊ መደቡ። መጥረጊያው ወጣ፣ ጠረጴዛ ገባ፣ ማኅተም ተቀረጸ። ጸሐፊዋ የቀረበላትን ወረቀት ሁሉ “ታይቷል” ብላ ትመታበታለች፤ ሰዉም መርቋት ይሄዳል። ወር ሳይሞላ ሌሎቹ ቢሮዎች “ታይቷል” የማይል ወረቀት አንቀበልም አሉ።

ጥናቱ ታተመ። ጋሽ ሜትር የማዕረግ ማመልከቻቸውን ቢያስገቡ ወዲያው ተመለሰላቸው፤ “ምድር ቤት አልታየም” ተብሎ።

“ይህን ቢሮ የፈጠርኩት እኔ ነኝ!” አሉ በሩ ላይ ደርሰው።

“ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፤ ተራዎን ይጠብቁ” አላቸው ጥበቃው።

ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን እግራቸው ደነዘዘ፤ በሁለተኛው ወገባቸው አልታዘዝ አለ። ሜትራቸውን አውጥተው ወንበሩን ለኩት፤ ቁመቱ ከሚመቸው ልክ አራት ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ጥናታቸው ውስጥ ግን “እጅግ ምቹ” ብለው ጽፈዋል።

ማኅተሙ ተመታ፣ ማዕረጉም መጣ። ባለቤታቸው እልል ብትል እሳቸው ኩርፍ እንዳሉ ናቸው።

“ምን ሆንክ ደግሞ?”

“ሃያ ገጽ ሙሉ ዋሽቻለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ቆሜ ስለካ አንድ ቀን ተቀምጬ አላየሁም።”

የጥናቱን ማረሚያ በስማቸው ጽፈው አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን እርሳስ ከማስያዛቸው በፊት ግማሽ ቀን እዚያው ምድር ቤት ወረፋ ያስጠብቃሉ። ዘንድሮ ታዲያ ከመካከላቸው ሁለቱ ተራ ስለደረሳቸው ገብተው፣ የምሳ ካርዳቸውን “ታይቷል” አስብለው ወጡ።