ከግንባሯ ላይ ያረፈው አፈር

እዚህ በለስ ቆላ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የተሰነጣጠቀውን መሬት ሲነካው የሚወጣው ሽታ ዛሬም ደጅ ላይ ያቆመኛል። የልጅ ልጆቼ፣ "እማማ፣ ዝናቡ ይመታሻል፤ ግቢ" ይሉኛል። እኔ ግን ያን ጊዜ በተወለድኩባት በሐይቅ ነኝ። ከአምባሰል የወረደው ደመና ውኃው ላይ ተኝቶ፣ አባታችን ከእርጥብ ማሳ መካከል ጎንበስ ብለው አፈር ሲያሸቱ አያለሁ።

አባታችን የምላቸው የቤታችን የነፍስ አባት የነበሩትን ቄስ ነው። ያ ሁሉ ከሆነም በኋላ ሌላ መጠሪያ አፌ አልለምድ አለ።

ቁራሽ ከእጃችን ሲወድቅ ስመን እንድናነሳ ያስተማሩን እሳቸው ነበሩ። "ነገር ሁሉ ደጃፍ ነው" ይሉን ነበር። "ውኃውም፣ ድንጋዩም፣ እህሉም። እግዜር አፈርን ንቆ ቢሆን ኖሮ፣ ከአፈር የተሠራ ሥጋችንን ባልለበሰ።" በየነገሩ ውስጥ በረከት ተሰውሮ፣ በንጹሕ እጅ የሚያነሳውን ሰው ይጠብቃል ይሉ ነበር። እኔም አምኜ፣ የተኛ ሰው እንዳልቀሰቅስ ያህል ውኃ ስቀዳ እንኳ በቀስታ ነበር። ሙስሊሟ ጎረቤታችን እንስራዋን ይዛ ከኋላዬ እየጠበቀች፣ "ይቺ ልጅ ከሐይቁ ጋር ምክር ይዛለች፤ እኛ በጥም እንለቅ" ትል ነበር።

አባታችን በመስከረም ከግሸን ሲመለሱ፣ ከማርያም ደጅ የዘገኑትን አፈር በጨርቅ ቋጥረው በየቤቱ ይዞሩ ነበር። እምነት እንለዋለን። የታመመ ይቀባዋል፤ የተጣላ በእሱ ይታረቃል። ግንባር ላይ ካረፈ በኋላ ሐሰት አይነገርም። ይህን በእኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቅ ነበር።

በድርቁ ዓመት አባቴ ጉልበቱን ሸጦ እህል ሊያመጣ ጎጃም ተሻገረ። ሲሄድ እናቴን፣ "ከቤትሽ እንዳትነሺ፤ እመለሳለሁ" አላት። ብዙ ሳይቆይ የመንግሥት ካድሬዎች ስለ ሰፈራ ስብሰባ ይጠሩ ጀመር። እናቴ በየስብሰባው፣ ባሌ መጥቶ ባዶ ቤት አያገኝም፣ ንቅንቅ አልልም አለች። እነሱም ስሟን እየጻፉ ሄዱ።

አንድ ጠዋት አባታችን መጡ። ሐይቅ ከተማ ስንዴ እንደሚታደል፣ ልጆቿን ይዛ ላልመጣች እናት ግን እንደማይሰጥ ነገሯት። እናቴም፣

"አባታችን፣ ለሰፈራው እንዳይሆን?" አለቻቸው።

እሳቸውም ቋጠሮውን ፈቱ፤ ቆንጥረው ግንባሯን ቀቧት።

"ማታ እዚሁ ደጅሽ ላይ ነሽ" አሏት።

አፈሩ ካረፈ በኋላ እናቴ ሌላ አልጠየቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለስንዴው ባዶ ስልቻ አሸክማኝ፣ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ወጣች።

ከተማው ውስጥ የጠበቀን የጭነት መኪናና ጠመንጃ የያዘ ሰው ነበር። ናፍጣው እየሸተተን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ተጫንን። አባታችን ከግንብ ጥግ ቆመው ነበር። ጮክ ብዬ ጠራኋቸው። ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። በምን እንዳስፈራሯቸው አላውቅም፤ ፈራጅም አይደለሁም።

አብራን የተጫነችው ጎረቤታችን ዙሪያዋን አይታ፣ "ወላሂ፣ የቄሱ ሚስትና ልጆች ስንዴ አይበሉም እንዴ?" አለች። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ነገሩ ሁላችንም ዘንድ ደረሰ።

እናቴ እጇን ወደ ግንባሯ አነሳች። ልትጠርገው መስሎኝ ነበር፤ አልጠረገችውም።

"አፈሩ ምን አደረገ" አለች።

ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ከአገራችን የመጣ አንድ ሰው የቀረውን ነገረን። እኛ ወደዚህ ወደ ጎጃም ቆላ ስንወሰድ፣ አባቴ ከጎጃም እህል ተሸክሞ በመመለስ ላይ ነበር። ሲደርስ አባታችን፣ "ጠብቁ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ወደው ሄዱ" አሉት። የነፍስ አባቱን ሳያምን ማንን ይመን? ከድተውኛል ብሎ እንዳዘነ ሞተ።

እናቴ ይህን ሰምታ በነፍስ አባታችን ላይ ክፉ ቃል አልወጣትም። በኋላ ታማ ሕመሙ ከጸናባት ወዲህ ግን የእግር ኮቴ በሰማች ቁጥር በክርኗ ቀና ትል ነበር። አባቴን ነበር የምታናግረው፣ ሰውዬዬ እያለች፣ በቀስታ።

"ስንዴ ልንቀበል ነው የወጣነው። ማታ እመለሳለሁ ብዬ ነው።"