ያለ ቦታው የተነገረ ምስጋና

በዚያ የዝናብ ወራት፣ ከአገራችን ወደ ሰሜን ርቃ ባለችው የባቡር ከተማ ቱፒሳ ውስጥ ደርቆ የሚያድር ነገር አልነበረም። ካልሲው እርጥብ፣ ፍራሹ እርጥብ፣ ክብሪቱ እርጥብ። ከቀዮቹ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ የባቡሩን ሐዲድ ሁለት ቦታ ላይ ቆርጦት፣ ከተማዋ ውስጥ የተገኘ መንገደኛ ሁሉ እዚያው ታግቶ ቀረ። ወሩ ጥር ነው፤ ወይም የካቲት መግቢያ። ሲገዙን የኖሩት ወታደሮች ሥልጣን ለቀው ዓመት ሳይሞላ ነው፤ የአገራችን የኡሩጓይ ወጣት እንደተፈታ ጥጃ መንገድ የወጣበት ጊዜ።

ዴልሚራ ፒንቶስም ከነዚያ አንዷ ነበረች። የፓይሳንዱ ልጅ ናት፤ የወንዙ ዳር ሰፈር፣ የኛው። ልብስ ሰፊ ነበረች። ገና ኮረዳ ሳለች ከአንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ የቲቲካካን ሐይቅ ሥዕል ቀደደችና ከስፌት መኪናዋ በላይ ለጠፈችው፤ ዘጠኝ ዓመት እሱን እያየች ሰፋች። ዳቦ ጋጋሪው ኦራሲዮ ላግባሽ ሲላት “ይሄን ሐይቅ አብሮኝ የማያይ ሰው አላገባም” አለችው። ቀልድ መስሎት እሺ አለ።

ቀልድ አልነበረም። ከድንኳን ሸራ ሁለት የጀርባ ሻንጣ በእጇ ሰፋች። የኦራሲዮን ወገብ የዱቄት ጆንያ ስለጎዳው ትልቁን እሷ ተሸከመች። የድንች ጭነት ላይ ተቀምጠው አገር አቋረጡ። ገበያ ሲገቡ አንድ ሳህን ሾርባ ያዝዙና ሁለት ማንኪያ ይጠይቃሉ። ሾርባ ሻጯ ስትገላምጣቸው ዴልሚራ የሴትዮዋን ሽርጥ ታያለች፤ ከባርኔጣዋ ላይ የማይለየውን መርፌ ትነቅልና የተተረተረውን ጫፍ እዚያው ትጠቅምላታለች። ሁለተኛው ሳህን ሳይጠየቅ ይመጣል። ተለማምጣ ወይም ለምና አታውቅም፤ እጇ ነበር የሚያበላቸው።

ቱፒሳም ሲታገቱ እንደዚያው ሆነ። ለማደሪያዋ ባለቤት ለዶኛ ባሲሊያ አንሶላ እየጣፈችላት አንድ ክፍል አገኙ።

“ልጄ፣ አንሶላዎቼን እኮ ሙሽራ አደረግሻቸው!” ትላለች ባሲሊያ። “ባልሽ ነው እንጂ ከባቡሩ ብሶ የቆመው።”

እውነቷን ነው። ኦራሲዮን ትኩሳት ጥሎት ነበር። በዚያ ላይ ጎርፉ ሳይመጣ የደረሰ የእናቱ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ቆየው፤ ዳቦ ቤቱ መልሶ ሊቀጥረው ይፈልጋል። ፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ ወዲያ ስለሱ ትንፍሽ አላለም። ዴልሚራም አልጠየቀችም። ጠይቃው “እንመለስ” ቢላት ምን እንደምትመልስለት አታውቅም ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሐዲዱ ተጠገነ ተባለ። ወደ ደቡብም ወደ ሰሜንም ባቡር አለ። ወደ ቤትም፣ ወደ ሐይቁም ማለት ነው።

ጧት ዴልሚራ ማቴ፣ ያንን በቅል የሚጠጣ የአገራችንን የቅጠል ሻይ፣ አፈላች። ቅጠሉ የመጨረሻው ነው፤ ተጠጥቶ፣ ይዘዋት በሚዞሩት ትንሽ ምድጃ ላይ ደርቆ የተመለሰ። የመጀመሪያውን እንደ ወጉ ራሷ ጠጣች፣ ሁለተኛውን በዚያው ቅል ቀድታ ሰጠችው። ኦራሲዮ የብረት መምጠጫው እስኪንተከተክ ድረስ መጠጠና ቅሉን መለሰላት።

“አመሰግናለሁ” አላት።

ጢሙን ሊላጭ ወደ ጓሮ ወጣ።

በኛ አገር የማቴ ቅል ሲመለስ ዝም ነው የሚባለው። ዝም ማለት ድገሚኝ ነው። አመሰግናለሁ ማለት ግን በቃኝ፣ ከእንግዲህ አትቅጂልኝ። ይሄን ለሕፃን እንኳ የሚነግረው የለም፤ ከጡት ጋር ነው የሚያውቀው። ኦራሲዮ ደግሞ ሰባት ሳይጠጣ በቃኝ ብሎ አያውቅም።

ዴልሚራ የደብዳቤውን መልስ ያገኘች መሰላት። አላለቀሰችም። ምድጃዋን ለራሷ፣ ቴርሞሱንና ቅሉን ለሱ አለች። የሚያድሩበት ሸራ አንድ ነው፤ ለሁለት ልትቀደው መቀስ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ለሱ ተወችለት። ሻንጣዋን አዝላ ወጣች።

“ብቻሽን ወዴት ነው?” አለች ዶኛ ባሲሊያ ከበሩ።

“ወደ ሐይቁ።”

ጣቢያው ላይ ወደ ሰሜን የሚወስድ የአንድ ሰው ትኬት ቆርጣ፣ ታማሌ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ ከምትሸጥ ሴት አጠገብ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ባቡሩ እንደ ልማዱ የለም። ጥቂት ቆይታ ቀና ስትል ኦራሲዮ ይመጣል፤ ሸራው በብብቱ፣ ቴርሞሱና ቅሉ በእጁ፣ ግማሽ ጉንጩ የሳሙና አረፋ እንደለበሰ።

“አንቺ አሮጊት! ድገሚኝ ብዬ ስጠብቅሽ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ?”

“አመሰግናለሁ አልክ።”

“እኔ? መቼ?”

“ዛሬ ጧት። ቅሉን ስትመልስ። በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ።”

የያዘውን ሁሉ መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

“ባሲሊያ ናት እኮ! እዚያ ማዕድ ላይ አመሰግናለሁ ሳይል የሚነሳውን በዓይኗ ታሳርረዋለች። ለሾርባው አመሰግናለሁ፣ ለመድኃኒቱ አመሰግናለሁ፤ አሥራ አንድ ቀን! አፌ ለምዶት ነው።”

“ደብዳቤውስ?”

ኦራሲዮ አጠገቧ ተቀመጠ። “አልዋሽሽም፣ መመለስ ፈልጌ ነበር። ትኩሳቱ ሲይዘኝ የታየኝ የእናቴ ቤት ነው። ከዚያ ግን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። አንቺ ደግሞ እዚያው መስኮቱ ሥር አንሶላ ትጥፊያለሽ። ይቺ ሴት ሐይቋን ሳታይ እኔ በምን ዓይኔ ዳቦ እጋግራለሁ አልኩ።”

“ታዲያ እንደሱ አትለኝም ነበር?”

“አትቅጂልኝ አላልኩ! ጥዬሽ ወደ ቤት የምሄድ መስሎሽ ነው?”

ዴልሚራ መሳቅ ጀመረች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። “ጉንጭህን ጥረግ፣ ሽማግሌው፣ ሰው ያይሃል” አለችው። ያኔ ሁለቱም ሠላሳ አልሞላቸውም። ቀዳችለት። ጠጥቶ ቅሉን በዝምታ መለሰ። ደገመችለት፤ አሁንም በዝምታ መለሰ።

“ምን ዓይነት ሰው ነው?” አለች ታማሌ ሻጯ። “እንዲህ እያጠጣሽው ምስጋና እንኳ አያውቅም!”

ሐይቁን መጋቢት ላይ አዩት። ዴልሚራ ዳሩ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጠች፤ ወረቀቱ ላይ የበለጠ ሰማያዊ ነበር አለች፣ ግን አልተነሳችም። ከዚያ ወደ ሰሜን እስከ ኪቶ ከተማ ድረስ ወጡ፤ እሱ እየጋገረ እሷ እየሰፋች ሁለት ዓመት ቆዩ፣ ከዚያ ተመለሱ።

ኦራሲዮ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ዴልሚራ፣ ባለፈው ፋሲካ ያገኟት ሰዎች እንደነገሩን፣ ፓይሳንዱ ውስጥ ወደ ወደቡ በሚወርደው መንገድ፣ ከእህቷ ልጅ ቤት ጓሮ ባለው ክፍል ትኖራለች።