እናቴ ያወረደችው መንዙማ

ልጅ እያለሁ የካርቱም ሰዎች ሐበሻ ሁሉ ሯጭ ይመስላቸው ነበር። አርካዊት ሰፈር በተማርኩበት የሴቶች ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርቷ ገና ስታየኝ ለረጅሙ ሩጫ መረጠችኝ። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ልምምድ ግቢውን በቅጡ ሳልዞር አቧራው ላይ ቁጭ አልኩ። «ሐበሺያዋ ወደቀች!» እያሉ ልጆቹ ሲስቁብኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቤት ገብቼ ትምህርት ቤት ከእንግዲህ አልሄድም ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ ወሎዬ ናት፤ አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። «እግርሽ መቼ ደከመና! ልብሽ ነው ቀድሞ የፈራው» አለችኝ። እሷም ያን ሁሉ የሰው ምንጣፍ አጥባ የምትጨርሰው መንዙማ እያወረደች ነበር። ከዚያ ወዲያ ጁምዓ ጠዋት፣ ደጃፉ ላይ የተረጨው ውሃ አፈር አፈር እየሸተተ፣ በራችን ላይ ቁጭ ብላ ታወርዳለች፤ እኔ ደጃችን ያለውን ሜዳ እየዞርኩ እቀበላለሁ። አውራጅ ሳያቆም ተቀባይ ማቆም በእሷ ዘንድ ነውር ነው። ዜማውን ስጠብቅ ድካሙን እረሳዋለሁ።

የሩጫው ቀን እናቶች ተጋብዘው ነበር። ሁሉም ቀድመውኝ እንደ መጀመሪያው ቁጭ ልል ስል፣ ከእናቶቹ መሀል የእናቴ መንዙማ ተሰማ። በአማርኛ፣ ያውም እያጨበጨበች! የክፍሌ ልጆች በሳቅ ፈረሱ። ፊቴ እሳት ሆነ፤ በሆዴ ዝም በይልኝ እያልኩ ለመንኳት። እሷ ግን አውርዳ መልሴን ጠበቀች። ተቀባይ አጥታ ብቻዋን መቆሟ ከሳቁ ባሰብኝ። እያፈርኩ አፌን ከፈትኩና ተቀበልኳት። መጨረሻ ወጣሁ፤ ግን ቁጭ አላልኩም።

ዛሬ አገር ቤት ገብተን ደሴ ነን። እናቴን ስትሮክ ግራ ጎኗን ይዟታል፤ ካልተራመደች አልጋ ላይ እንደምትቀር ሐኪሙ ነግሮናል። ባለፈው የሆስፒታሉ ኮሪደር መሀል ላይ ቀጥ አለች።

«ያላ እማ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» አልኳት።

«ኸላስ፣ ደከመኝ» አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አውርጂልኝ እስቲ።»

ኮሪደሩ በአስታማሚ ተሞልቷል። በዚህ ዕድሜዬ ፊቴ ያንኑ የአርካዊት እሳት ሆነ፤ በማፈሬም ደግሞ አፈርኩ። እንደምንም ድምፄን አወጣሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እናቴ በተኮላተፈ አንደበቷ ተቀበለችኝና እግሯን አነሳች። ያኔ ዝም እንድትል የለመንኳት እኔ፣ ኮሪደሩ ጫፍ በሩ ጋ ከደረስን በኋላ እንኳ፣ እሷም እንዳታቆምብኝ ማቆም ፈራሁ።