የመርከበኛውን ፖስታ በበረኪና ያጠብኩ ዕለት

ይሄ የሆነው ኮሮና እዚህ ደቡብ አፍሪካ ጆበርግን በዘጋበት ሰሞን ነው። እኔን የመሰለ አዋቂ የተሳሳተበት ብቸኛ ቀን ስለሆነ አልረሳውም።

ሂልብሮው ያለው ሱቄ ሲዘጋ፣ ዮቪል ሰፈር ባለው ፍላታችን ውስጥ ቁጭ ብዬ ዶክተር ሆንኩ። ከስምንተኛ ክፍል ባቋርጥም በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ የተመረቅኩበት ሙያ ብዙ ነው። ሽንኩርቱን፣ ቁልፉን፣ የባለቤቴን ጫማ ሳይቀር በበረኪና አጥባለሁ።

ከታች ፎቅ አንድ ነጭ ሽማግሌ ብቻውን ይኖራል። ምኩሉ ነው የምለው፤ በዙሉ አያቴ እንደማለት ነው። ዳቦና ወተት በሩ ላይ አስቀምጥለት ነበር። እሱ ድሮ ለጦር መርከበኞች የተላኩ ደብዳቤዎችን ይሰበስባል። ወርቅ ባለበት ከተማ ወረቀት ይለቅማል እንግዲህ።

ከሁሉም አንዷን ይወዳል። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት አንዲት እናት ለመርከበኛ ልጇ የላከቻት ፖስታ ናት። ኬፕታውን ስትደርስ መርከቡ ወደ ዛንዚባር ሄዷል፤ ዛንዚባር ስትደርስ ወደ ቦምቤይ። በየወደቡ አድራሻው እየተሰረዘ አዲስ ተጽፎባታል። ልጁ ግን አላገኛትም።

ምኩሉን ኮሮና ያዘው። ሆስፒታል ሊወስዱት ሲሉ ፖስታዋን እየሳለ ሰጠኝ። "ከተመለስኩ ትሰጠኛለህ፤ ካልተመለስኩ ያንተ ናት፣ ጠብቃት" አለኝ።

መጠበቅማ ማን እንደኔ። የበሽተኛ ዕቃ አይደለች፣ ጨርቅ በበረኪና ነክሬ ፊትና ጀርባዋን ጠረግኳት። ዳሯ ላይ ሁለት ቀዳዳ አየሁ፤ አይጥ ነው ብዬ ናቅኩት። ስትደርቅ ዛንዚባር የለችም። ቀለሙ ድራሹ ጠፍቷል።

ባለቤቴ አየት አደረገቻትና "ስንት ባሕር ተሻግራ አንተ እጅ ላይ ሰጠመች" አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ምኩሉን ማርልኝ እያልኩ ጸለይኩ፤ ግን ቀስ ብሎ ይምጣ።

ከስቶ መጣ። ፖስታዋን ሰጥቼው በማስኬ ውስጥ እያልጎመጎምኩ ተናዘዝኩ። አገላብጦ አያት። ከዚያ ሳል እስኪያቋርጠው ሳቀ።

"እነዚህ ቀዳዳዎች የምን ይመስሉሃል?" አለኝ።

አይጥ አልኩት።

ለካስ ያኔም የወደብ ሰዎች ወረርሽኝ ሲፈሩ ደብዳቤውን በቢላ በስተው፣ ጭሱ ውስጡ እንዲገባ አድርገው ያጥኑት ነበር። "እነሱም እንዳንተ ፈሪ ነበሩ" አለኝ። እርሳስ አንስቶ ጀርባዋ ላይ "ዮቪል፤ ጎረቤቴ በበረኪና አጠባት" ብሎ ጻፈና ስሜንና ቀኑን ጨመረበት።

ይኸው ከሐበሻ ልጆች ሁሉ የጦር መርከብ ፖስታ ታሪክ ውስጥ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህን ያልሰማ ደንበኛ የለኝም። በረኪና ሲሸተኝ ግን እስካሁን እጄን ኪሴ እከታለሁ።