ቀድሞ የወጣ ዜና

ባለፈው እሁድ ጠዋት መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑን ይዞ ነበርና ባለቤቴ ሌንሴ የአባቴን የከሰል ካውያ ከቆጥ አውርዳ፣ የዓመታት አቧራውን አራግፋ፣ ፍም ሞልታ የልጆቹን የቤተ ክርስቲያን ልብስ መተኮስ ጀመረች። እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ ጫማዬን እቦርሽ ነበር። በከሰል ካውያ መተኮስ ልምድ ይጠይቃልና የትልቁን ልጅ ሸሚዝ ኮሌታ ጠበስ አደረገችው። ያ ውሃ የተረጨበት፣ ትንሽ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን ሲያገኘው ብሩሹን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሃምሳን የተጠጋሁ የሦስት ልጆች አባት ነኝ፤ በዚያች ቅጽበት ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነቀምቴ ገበያ አጠገብ በነበረችው የአባቴ የልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር።

ምሳ ላይ ደግሞ ሌላ ተአምር ሆነ። የሁሉም ስልክ ባትሪ አልቆ ስለነበር ልጆቼ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ትልቁ እህቱን ትክ ብሎ አይቶ "ፀጉርሽን መቼ ተሠራሽ?" ሲላት ሰማሁ፤ ለካ ሦስት ሳምንት አልፎታል! እኔም ይህ ዕድል እንዳያመልጠኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ አባቴ በየእሁዱ የሚጠይቀንን ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ "እህስ፣ ዜና ምን አለ?" ትልቁ ትከሻውን ሰበቀ። መካከለኛዋ "ስልኬ ጠፍቷል እያልኩህ አባዬ፣ ዜና ከየት ላምጣ?" አለችኝ። የሰባት ዓመቷ ሲፈን ግን እንደ ትምህርት ቤት እጇን አውጥታ "አክስቴ ትዕግሥት ቅዳሜ ከጊዳ አያና ትመጣለች" አለችና ዓይኗን ሳህኑ ላይ ተከለች።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ትዕግሥት ታናሽ እህቴ ናት፤ ያገባችው ጊዳ አያና ነው። መንገዱ ባስቸገረባቸው ዓመታት መሄድም መምጣትም ቀርቶ ነበር፤ ያ የማንም ጥፋት አይደለም። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ግን እኔ ዛሬ ነገ ስል ልጇ ተወለደ፣ ጥርስ አወጣ፣ በእግሩ ሄደ። አንድ ቀን ታዲያ በስልክ "መጥተህ እስክታየው ድረስ እኔም ደጅህን አልረግጥም!" ብላ ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ ለበዓል በስልክ የአበባ ሥዕል ብቻ ትልክልኛለች። የአበባ ሥዕል፣ ለገዛ ወንድሟ! ሲፈንን "ማን ነገረሽ?" ብላት "ገበያ አንዲት ሴትዮ" አለችኝ፣ አንገቷን ወደ ትከሻዋ ሰበር አድርጋ። ያንን አንገት አውቀዋለሁ። የኔ ነው።

አባቴ ተክሌ ከሸዋ ለሁለት ወር ሥራ መጥቶ፣ እናቴን ጫልቱን አይቶ፣ በዚያው የቀረ ልብስ ሰፊ ነበር። እናቴ ከነቀምቴ ራቅ ያለው የኑኑ ቁምባ አገር ልጅ ናት። እሁድ እሱ ከቅዳሴ፣ እሷ ከመዝሙር ተመልሰው ምሳ ላይ ይገናኛሉ፤ እኛን ልጆቹንም አንዱን እሁድ እሱ፣ አንዱን እሁድ እሷ ይዛን ትሄዳለች። አባቴ "ሁለት በር የሚያንኳኳ አንዱ ይከፈትለታል" እያለ ይስቅ ነበር። እናቴ በኦሮምኛ ትቆጣና በአማርኛ ታባብላለች። የአባቴ ኦሮምኛ ደግሞ የገበያ ኦሮምኛ ነበር፤ ስለ ወገብና ስለ ክንድ ልክ ሲሆን ይንቆረቆርለታል፣ ከዚያ ካለፈ በእጁ ያግዘዋል።

በዜና ጉዳይ ግን ሁለቱ ፈጽሞ አይስማሙም። አባቴ የሬዲዮ ሰው ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የዓለምን ጦርነት ጨርሶ ወደ አየር ሁኔታ ሲሻገር መስማት ያረካዋል። በእናቴ አገር ደግሞ ዜና ኦዱ ይባላል፤ ኦዱም ወግ አለው። እንግዳ ሲመጣ ይቀመጣል፣ ውሃ ይቀርብለታል፣ "ኦዱን ማሊ?" ተብሎ ወሬው ይጠየቃል። እሱም በቅድሚያ "ነጋ" ይላል፣ ሰላም ነው ማለቱ ነው፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ጤና ያወራል፤ የመጣበት ዋናው ነገር የሚወጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አባቴ በዚህ መሀል ወንበሩ ላይ እየተቁነጠነጠ "ኧረ በማርያም፣ ሰውዬው ሞቷል ወይስ አልሞተም?" ብሎ በአማርኛ ያጉረመርማል፤ እናቴም በጠረጴዛው ሥር እግሩን ትረግጠዋለች።

የእሁዱን ሕግ ያወጣው እሱ ነው፤ ምሳ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ዜና ይዞ ይቀርባል፣ ዜና የሌለው ሳህን ያነሳል። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ዜና አያልቅበትም። ያኔ አራት ዓመት የሆናት ትዕግሥት እንኳ በየሳምንቱ አንድ ዜና አላት፤ "ዶሮዋ እንቁላል ጣለች!" አባቴም የሬዲዮውን ሰውዬ ድምፅ አውጥቶ "ዝርዝሩን እንመለስበታለን" ሲል ትፍለቀለቃለች። እኔ ብቻ ሦስት እሁድ በተከታታይ ሳህን አነሳሁ። ደረጀ "ዜና አልባው" የሚል ስም ካወጣልኝ ወዲያ ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆነብኝ።

ከቤታችን የጎደለ አንድ ሰው ነበር፤ የእናቴ ብቸኛ ወንድም፣ አጎቴ ኦልጂራ። ያራቀውም የአባቴ ምላስ ነው። ኦልጂራ የሚኮራባት አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረችው፤ በሠርጉ ዕለት ሙሽራዋን በእሷ ጭኖ አመጣና ድግሱ እየተበላ ሳለ በየደቂቃው ብድግ እያለ በቅሎዋ ጥላ አግኝታ እንደሆን፣ ሣር ቀርቦላት እንደሆን ያያል። አባቴ መቼ ያስችለው! ከሰዉ መሀል ተነሥቶ በኦሮምኛ "ለመሆኑ ሙሽራው ያገባው የትኛዋን ነው?" አለ። የሚያሳዝነው፣ ያን ዕለት ኦሮምኛው ጨርሶ አልተደናቀፈም። ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ ሙሽራው ብቻ አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤታችንን አልረገጠም። እናቴ አንድም ቀን አባቴን ወቅሳው አታውቅም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ግን እጇን እንኳ ሳትጠርግ ቀድማ የምትወጣው እሷ ነበረች። አባቴም ስለ ሁሉ ነገር ሲቀልድ ስለ በቅሎ መቀለድ ትቶ ነበር።

በአራተኛው እሁድ ተራዬ ሲደርስ ደረጀ ሳህኑን ወደኔ ገፋ ማድረግ ጀመረ። ያኔ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው አፌ ተከፈተና "ኤሱማ ኦልጂራ ቅዳሜ ይመጣል!" አልኩ። ኤሱማ የእናት ወንድም ነው። አባቴ ጉርሻውን እንደያዘ "ማን ነገረህ?" አለኝ። "ገበያ፣ አንድ የኑኑ ቁምባ ሰውዬ።" እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም። ጭልፋዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ "ያ ዋቃዮ!" ብላ አምላኳን ጠራች፣ ከዚያም አጠር ያለች እልልታ አሰማች።

በማግስቱ ሰኞ ግድግዳው በነጭ አፈር ተቀባ። ለጎረቤቱ ሁሉ ተነገረ። አንጮቴ የሚባለው፣ በእኛ አገር ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው ሥራ ሥር፣ ተገዝቶ መጣ። ለጩምቦው፣ ለዚያ በቅቤ ለሚርሰው ወፍራም የጤፍ ዳቦ፣ ቅቤ ተነጠረ። እኔ የማደርገው ጠፋኝ፤ በየሄድኩበት ውሸቴ እየሰፋ ይጠብቀኛል። እናቴ ዘንድ ሄጄ "እማዬ፣ አንድ ነገር..." ስል ትኩስ አንጮቴ አጉርሳኝ "ቅመስ እስቲ፣ ጨው አነሰው?" አለችኝ። ከሰዓት ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግማ አጎረሰችኝ።

ማክሰኞ ወደ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። የሰው ሱሪ እየተኮሰ ነበር። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ወይም ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። ካውያውም ሱሪው ላይ፣ እሱም እዚያው ቀሩ፤ ጭስ ሲወጣ ነው ሁለታችንም የነቃነው። በዚያ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲቃጠል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"እናትህ ከትናንት ጀምሮ ስታንጎራጉር ሰምተሃታል?" አለኝ።

"አዎ።"

"እኔ ሦስት ዓመት አልሰማኋትም" አለና የሱሪውን ቀዳዳ በጣቱ ይለካ ጀመር። "በል፣ ለእናትህ እንዳትተነፍስ።"

ረቡዕ ማለዳ፣ በመኪና በቀን ደርሶ መልስ በሆነችው አኖ ከተማ የሠርግ ልብስ የምለካለት ሰው አለ ብሎ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከቤት ወጣ። እናቴ የመንገድ ስንቁን ስትሰጠው አኖ ለሚሄድ ሰው ትንሽ በዛ ብሎ ነበር።

ቅዳሜ ከተማው በገበያተኛ ተሞልቷል። እናቴ ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ በክንዷ ሥር መንገዱን አጮልቃለሁ። ከታች በኩል ሳቅና ጫጫታ ተሰማ። ሰዉ መንገድ ሲለቅ ዳማዋ በቅሎ ብቅ አለች፤ አጎቴ ኦልጂራ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ተቀምጦባታል፣ አባቴ ደግሞ አቧራ ለብሶ፣ ሜትሩ አሁንም አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ልጓሟን ይዞ ከፊት ይስባል። አንድ ደንበኛው "ኦቦ ተክሌ! ልብሱን ትተህ በቅሎ ጀመርክ እንዴ?" ብሎ ጮኸበት። "በቅሎዋን ይቅርታ እየጠየቅኋት ነው!" አለ አባቴ፣ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ። እናቴ እልል እያለች ሮጠች። ኦልጂራ ከበቅሎዋ ወርዶ እህቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፣ በደስታ ይሁን በድንጋጤ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የሆነውን የነገረን አጎቴ ነው። አባቴ መኪና እስካደረሰው ሄዶ፣ የቀረውን በእግሩ ጨርሶ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ኦልጂራ ፊቱን አጥቁሮ ተቀበለው፤ ቢሆንም እንግዳ ነውና አስቀመጠው፣ ውሃ ሰጠው፣ "ኦዱን ማሊ?" አለው። ያ ትዕግሥት የሌለው ሰው "ነጋ" ብሎ ጀመረ። ስለ ነቀምቴ ዝናብ አወራ። ስለ ጎረቤቱ ላም አወራ። ዶሮዋ እንቁላል መጣሏን አወራ። አንዲት ነገር ሳይዘል፣ በተሰባበረው ኦሮምኛው፣ ወጉን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ "እህትህ ቅዳሜ ትጠብቅሃለች። ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። ቀጥሎም "በቅሎዋስ ደህና ናት?" ሲል ኦልጂራ ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያ ቀልድ ሳቀ። መንገዱን በቅሎዋ ላይ ተራ በተራ እየተቀመጡ መጡ፤ ከተማው መግቢያ ላይ ግን አባቴ ልጓሙን ነጥቆ ያዘ።

በማግስቱ እሁድ ምሳ ላይ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና በሬዲዮው ሰውዬ ድምፅ "ባለፈው ሳምንት ከዚህ ቤት የተላለፈው ዜና እውነት መሆኑ ተረጋግጧል፤ ትንሽ ቀድሞ ነው የወጣው" አለ። ሳህን ሲነሳ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ሰለሞን፣ ሌላ ጊዜ ዜና ስትፈጥር ቅርብ ቦታ አድርገው፤ እግሬ አለቀ" አለኝ። ቅጣቴ ይኸው ብቻ ነበር።

አባቴ ከሞተ ከዓመት በኋላ ይህ ምስጢር ከብዶኝ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ እቴ! ምን ትደነግጣለች!

"ኤዲያ! የወንድም መምጣት ኦዱ ገበያ ላይ ለልጅ ይነገራል? መልእክተኛው ደጅ ድረስ መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶ ነው እንጂ። አፍህን ስትከፍት ነው ያወቅኩት።"

"ታዲያ ግድግዳውን ለምን ቀባሽ?"

"አባትህ እንዲያይ ነዋ!" አለችኝ። "በአፌ ብነግረው ቀልዶ ያልፈው ነበር።"

አባቴ ይህን ቢሰማ እንዴት በሳቀ! ዛሬ እናቴም የለችም፤ የስፌት ቤቱ ቦታ ላይ ስልክ ይጠገናል። ዜናው በየደቂቃው እኪስ ውስጥ ይንጫጫል፤ እሱን ሊነግር ብሎ መኪናው ሲቆም በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን አጣሁ። ወላጆቼ ናፈቁኝ። የዚያ ሰው ልጅ ሆኜ የእህቴን ልጅ በስልክ ብቻ ማወቄም አሳፈረኝ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ምሳው ቀዝቅዟል። ሲፈን አሁንም አንገቷን እንደሰበረች ናት። ሌንሴ ልጅቷን አንዲት ነገር አልጠየቀቻትም፤ ብድግ ብላ "እንግዲያው የእንግዳ አልጋውን አንሶላ ልጠብ" አለችና ወጣች። ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ። ቀጥሎም ማንጎራጎር ጀመረች።

ጠዋት የቦረሽኩት ጫማ በሩ ሥር ተቀምጧል። ሲፈንን ጠጋ ብዬ "ዜናሽ እውነት ነው፤ ትንሽ ቀድሞ ነው የወጣው" አልኳት። ረቡዕ ማለዳ መናኸሪያ እገኛለሁ። እህቴ ብትቆጣም ማስቀመጧ አይቀርም፣ ውሃ መስጠቷም አይቀርም፤ እኔም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሁሉም በወጉ እነግራታለሁ። ከሁሉ በፊት የምነግራትን ግን አሁኑኑ አዘጋጅቻለሁ። እቤታችን ዶሮ የሚባል ነገር የለም፤ ቢሆንም ዶሮዋ እንቁላል ጥላለች።