እትዬ ቤርሄድ ያሳጠሩት ዙር

እትዬ ቤርሄድ በከተማችን ለሙታን የሚሄዱ የመጨረሻዋ ሴት ነበሩ። ስለ እሳቸው የሚጽፍ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ እኔ ባልነካሁት። ነገር ግን ኤኖራ ወደ ልጇ ሄዳለች፣ የልብስ ማጠቢያው ሴቶች የሚያውቁት ደግሞ ግማሹን ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ። እንደመጣልኝ ልጻፈው።

የቅዱስ ኤዌንን ዙር ሁላችንም በሕይወት ሳለን አንድ ጊዜ መሄድ አለብን። ከራስ ደጃፍ ይነሳል፣ በገበያው ያልፋል፣ በግንቡ በር ይወጣል። ከዚያ በቆዳ ፋቂዎች ቁልቁለት ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ ወንዙን ይዞ ይሄድና ጠበሉ ጋ ሲደርስ ደረጃውን ወጥቶ ቅዱሱ ቤት፣ ትንሿ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ይገባል። ጤነኛ ሰው በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል። በሕይወቱ ያልሄደ ሰው ሲሞት ይሄደዋል፣ ያኔ ግን በዓመት የሚራመደው የሬሳ ሣጥኑን ርዝመት ያህል ብቻ ነው። አባቴ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስልቶ ነግሮኝ፣ ልጅ ሆኜ እንቅልፍ አጥቼበታለሁ።

ከዚህ የሚያወጣው አንድ ነገር ነው። በሕይወት ያለ ሰው የሟቹን ጫማ በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ከሟቹ ደጃፍ ተነስቶ፣ ሳይናገርና ወደ ኋላው ሳያይ ይሄድለታል። ሟቹ ከኋላ ይከተላል። ጫማው ከቅዱሱ ሐውልት እግር ስር ሲቀመጥ ሟቹ ገባ ማለት ነው። እትዬ ቤርሄድ ይህን ሥራ ከአክስታቸው ተቀብለው አርባ ዓመት ሠርተውታል።

ቀጭን ነበሩ፣ ረጅም። እግራቸው የወንድ ያህላል። ሱረት ይወዳሉ። ወሬ ደግሞ ከሱረቱም ይበልጥባቸዋል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ማለት ከመንገዱ ሁሉ እሱ እንደሚከብዳቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ጫማ በአንገታቸው አድርገው በወንዙ ዳር ሲያልፉ እኛ አጣቢዎቹ ልብስ የምንደበድብበትን ዱላ እናስቀምጣለን፣ ማንም ቀና አይልም። ቅዱሱ ቤት ደርሰው ሲመለሱ ግን ያጠራቀሙትን ሁሉ እኛው ላይ ያራግፉታል።

«ዛሬስ ማንን አደረሱ እትዬ?» ትላለች አንዷ።

«የዳቦ ጋጋሪውን እናት። በዚያ ዕድሜዋ እንዴት ትፈጥናለች፣ ተረከዜን እየረገጠች ፈጀችኝ።»

«እኔን ሲወስዱኝ ቀስ ይበሉ እንግዲህ።»

«አንቺንማ በጋሪ ካልሆነ አልችልሽም።»

እንዲህ ነበሩ። ለዚህ ነው ከፋሲካ በኋላ ዝም ሲሉ ሁላችንም የደነገጥነው።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ኒኮላዝ ከገበያው ጣሪያ ወድቆ ሞተ። ጣሪያ ሠሪ ነበር፤ ጥቁሩን ጠፍጣፋ ድንጋይ በየቤታችን አናት የደረደረው እሱ ነው። በዙሩ ይቀልድ ነበር። «ቀኑን ሙሉ በሰው ጣሪያ ላይ ስሄድ ውዬ፣ ደግሞ ኮረብታ ልዙር?» ይላል። ሳይሄድ ሞተ። ሚስቱ ኤኖራ የሥራ ጫማውን፣ ያንን በገመድ የተሠራ ሶል ያለውን፣ ለእትዬ ቤርሄድ ሰጠቻቸው። በረዶ በሚጥልበት ጠዋት ሄዱለት። ከሰዓት በኋላ መጥተው «አድርሼዋለሁ፣ አሁን ተኚ» አሏት። ኤኖራም ተኛች። ባሏ ከወደቀ ጀምሮ ዓይኗን አልከደነችም ነበር።

ከዚያ በኋላ እትዬ ቤርሄድ ሌላ ሟች አልተቀበሉም። የሚለምናቸውን ሁሉ «ጉልበቴ» ብለው ይመልሳሉ። ልብስ ለማጠብ ሲመጡም በግንቡ በር መውጣት ተዉ። በጋሪው መንገድ ዞረው፣ አንድ ሰዓት ፈጅተው፣ ወዛቸው ተንጠፍጥፎ ነው የሚደርሱት። እርጅና ነው አልን።

በነሐሴ ማዘጋጃ ቤቱ ለእንግዶች የእግር መንገድ አወጣ። በየግድግዳው ቢጫ ቀስት ተቀባ። ቀስቱ የእኛን ዙር ይዞ ይሄድና ግንቡ በር ላይ ሲደርስ ይለያል። እንግዶቹ ቁልቁለቱን አይወዱትም፤ ስለዚህ ወደ ቀኝ ታጥፎ በግንቡ አናት፣ በአትክልት ቦታዎቹ በኩል፣ ቀጥ ብሎ ቅዱሱ ቤት ይደርሳል። የፓሪስ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በዚያ ይመላለሳሉ።

እኔ የሆቴሉን አንሶላ በእጅ ጋሪ እየገፋሁ በዚያ በር ሳልፍ አንድ ነገር አየሁ። እንግዶቹ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ይገልላሉ። ማንም ሳይነግራቸው፣ እየሳቁ እያወሩ፣ አንድ ሰው መሃል መንገድ የቆመ ይመስል በግራና በቀኝ ከፈል ብለው ያልፋሉ። ፀሐዩ ድንጋዩን ሊያቀልጥ በደረሰበት እኩለ ቀን አንዲት ሴት እዚያ ስትደርስ ሹራቧን ቆለፈች። ውሻዋ ተቀመጠ፣ ተሸክማው አለፈች።

ይህንን ለማንም አላወራሁም። እኔ ብዙ አላወራም። አንድ ቀን ግን ከእትዬ ቤርሄድ ጋር አንሶላ ይዘን፣ እሳቸው በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ሆነን ስንጠመዝዝ፣ ድንገት ወጣኝ።

«የግንቡ በር ላይ ይበርዳል፣ እትዬ።»

መጠምዘዙን አቆሙ። ውሃው በእጃቸው ላይ ይወርዳል።

«አንቺም አወቅሽ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«እሱን ነዋ። ኒኮላዝን። እዚያ ጥዬዋለሁ።»

ከዚያ ነገሩኝ። ለካ ከገና ጀምሮ ጉልበታቸው ቁልቁለት አይችልም። ዳገቱን ይወጣል፣ መውረዱን ግን ፊታቸውን ወደ ላይ አዙረው፣ ግድግዳ ይዘው፣ ወደ ኋላ ካልሆነ አይችሉም። ለሟች የሚሄድ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ መውረድ አይችልም፤ የሚከተለውን ፊት ለፊት ያየዋላ። ያን ቀን በሩ ላይ ቆመው በረዶው የሸፈነውን ቁልቁለት አዩና ወደ ቀኝ ታጠፉ። በግንቡ አናት ሄደው ጫማውን አስቀመጡ።

«ስታጠፍ ከኋላዬ ቆመ» አሉ። «ኮቴው ቆመ። ጣሪያ ላይ እንደሚሄድ ሰው ለስለስ ያለ ኮቴ ነበር። አውቄ ነው የሄድኩት፣ ፊና። ሰምቼ፣ አውቄ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ባለፍኩ ቁጥር ሦስት እርምጃ ይከተለኝና ይቆማል። ዙሩን በቁልቁለቱ ነው የሚያውቀው፣ በግንቡ አናት አይመጣም። ይጠብቀኛል።»

«ታዲያ እንደገና ይሂዱለት።»

«ከደጃፉ ነው የሚነሳው። ኤኖራ በእጇ ጫማውን መልሳ ካልሰጠችኝ መነሳት የለም። እሷ ደግሞ ለቅዱስ ሚካኤል ቤቱን ትለቃለች።»

እውነት ነው። በእኛ አገር የቤት ኪራይ የሚያልቀው መስከረም ማለቂያ ላይ በሚውለው በቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው። ኤኖራ ብሬስት ወዳለችው ልጇ ልትሄድ ዕቃ ትጠቀልል ነበር። ቤቱ የሌላ ሰው ከሆነ ደጃፉም የኒኮላዝ አይሆንም፤ በዓመት አንድ ሣጥን፣ በዓመት አንድ ሣጥን እያለ ሊሄድ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር።

እትዬ ቤርሄድ ስምንቱን ቀን በልባቸው ሲያመላልሱት ቆዩ። በዘጠነኛው ቤቴ መጡና «ነይ አብረን እንሂድ። አንቺ ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ፣ እሱን ታውቂበታለሽ» አሉኝ። ጫማውን ከቅዱሱ ቤት አምጥተው በሽርጣቸው ይዘውት ነበር።

ኤኖራ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር። ደስ አላት።

«ግቡ፣ ግቡ። የተረፈ ቂጣ አለኝ፣ የፖም ጠላም አለ። ይጨረስልኝ፣ ይዤው አልሄድ።»

እትዬ ቤርሄድ አልተቀመጡም። ሽርጣቸውን ገለጡ። ኤኖራ ጫማውን አየችና የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ይህ እዚህ ምን ይሠራል?»

«አላደረስኩትም።»

«ምን አሉ?»

«በግንቡ አናት ቆረጥኩ። ቁልቁለቱን መውረድ አቃተኝ። በሩ ላይ ቀረ።»

 ኤኖራ ስትናገር እርስዎ ማለቱን ትታው ነበር። በከተማችን እትዬ ቤርሄድን አንቺ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

«ስድስት ወር ተኝቻለሁ» አለች። «ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ተነስቼ መስኮት አልዘጋሁም። ተኚ አልሽኝ፣ ተኛሁ። እሱ እዚያ ቆሞ።»

«ጉልበቴ ነው፣ ልጄ።»

«ጉልበትሽ ለእኔ ምኔ ነው?»

«ልክ ነሽ።»

«አምጪው። እኔ እሄድለታለሁ።»

«አይከተልሽም። የሚከተለው ይዞት የተነሳውን ሰው ነው። ባይሆን ኖሮ እዚህ ቆሜ አላፍርም ነበር።»

«እንግዲያው ወደ ኋላሽ ውረጂ» አለች ኤኖራ። «ጥለሽው የሄድሽው ሰው አይደል? ፊቱን እያየሽ አውርጂው።»

 እትዬ ቤርሄድ ብቻቸውን ወደ ኋላ ሲወርዱ ወድቀው ይሞታሉ ብዬ አሰብኩ። እኔ በሰው ፊት መናገር አልወድም፣ ግን ተናገርኩ።

«እኔ ከታች እሆናለሁ። ጀርባዬ ላይ ይደገፉ።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ኤኖራ ጫማውን ተቀበለች፣ ገመዱን በእትዬ ቤርሄድ አንገት አስገባች። «ነገ ጠዋት» አለች።

በማግስቱ በሦስት ሰዓት ከደጃፉ ተነሳን። እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላዬ። ገበያው ውስጥ ሰዎች ጫማውን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ። ግንቡ በር ላይ ግን እንግዶች ነበሩ። አንዱ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰውዬ፣ ደግ ሰው ነው፣ መንገድ የጠፋብን መሰለው።

«እማማ፣ ቀስቱ በዚህ በኩል ነው። በዚያ በጣም ቁልቁለት ነው።»

 «አይሰሙም መሰለኝ» አለ ለሚስቱ። ሚስቱ ግን እኛን አላየችም። የምታየው ከእትዬ ቤርሄድ ኋላ ነበር፣ ሹራቧን እየፈለገች።

ያኔ ሰማሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ለስላሳ ኮቴ፣ ድንጋይ እንዳይሰበርበት የሚጠነቀቅ ሰው አረማመድ። ወደ ኋላ አላየሁም።

እትዬ ቤርሄድ ዞሩ። ጀርባቸው ከጀርባዬ ገጠመ፣ አጥንታቸው በቀሚሱ ውስጥ ይቆጠራል። እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ሽርጤን ያዙ። መውረድ ጀመርን። እኔ ወደ ወንዙ አያለሁ፣ እሳቸው ወደ በሩ። አንድ እርምጃ፣ ትንሽ ማረፍ፣ አንድ እርምጃ። በልብስ ቅርጫት ስወርደው የኖርኩት መንገድ ነው፣ በዚያ ቀን ግን አላልቅ አለኝ። የቆዳ ፋቂዎቹ ቤቶች ባዶ ናቸው፣ መስኮቶቻቸው ተከፍተው ቀርተዋል። ሦስት ዓይነት ኮቴ ይሰማኛል፤ የእኔ የእንጨት ጫማ፣ የእሳቸው መጎተት፣ ያ ለስላሳው።

መሃል ላይ ውሃ የሚወርድበት የሚያንሸራትት ቦታ አለ። እዚያ ስንደርስ የእትዬ ቤርሄድ እግር ከዳቸው፤ ሰውነታቸው ሲሄድ ተሰማኝ። ወዲያው ቆመ። አንድ ነገር ያዛቸው። ከዚያ በጀርባዬ ላይ ክብደት መጣ። እኔ እርጥብ አንሶላ ተሸክሜ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ክብደት አውቃለሁ። ያ ክብደት የአንዲት ቀጭን አሮጊት አልነበረም።  ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ፣ ከዚያ ወረድኩ። እስከ ወንዙ ድረስ እንደዚያው ነበር። ሜዳው ላይ ስንደርስ ቀለለኝ፣ እሳቸውም ወደ ፊት ዞሩ።

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደሄድነው አላስታውስም። ኤኖራ ቅዱሱ ቤት በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። እትዬ ቤርሄድ ጫማውን ከአንገታቸው አውጥተው አስቀመጡ።

«መጣ?» አለች ኤኖራ።

«ገባ።»

«አየሽው?»

እትዬ ቤርሄድ «አላኮረፈም» አሏት። ኤኖራ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች። ከዚያ እጃቸውን ይዛ «ቂጣው ይቀዘቅዝብዎታል» አለቻቸው።

ለቅዱስ ሚካኤል ጋሪ መጥቶ ዕቃዋን ወሰደ። በማግስቱ እትዬ ቤርሄድና እኔ አንሶላ ስንጠመዝዝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ኤኖራን ዋሸኋት። አላየሁትም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወረድኩት፣ ፈራሁ። ታዲያ ያ የሚያንሸራትተው ቦታ ላይ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ቀዝቃዛ፣ ሻካራ። ከዚያ በኋላ መጨፈኑም ከበደኝ። ግን አልገለጥኩም።» አንሶላውን ሳብ አደረጉ። «አንቺስ? ምንም አልተሰማሽም?»



«ከበዱኝ» አልኩ።

«እኔ? እኔ አርባ አምስት ኪሎ አልሞላም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

 እሳቸው ዝም ሲሉ ማየት አሁንም አልለመድኩትም። ከዚያ መጠምዘዛችንን ቀጠልን፣ ውሃው እስኪያልቅ። ሲመሽ ወደ ቤታችን የተመለስነው በቁልቁለቱ ነው፣ በግንቡ በር በኩል። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ እርምጃቸውን ቀነሱ፣ ጆሮአቸውን ጣሉ። እኔም ጣልኩ። ከኋላችን የመጣ ኮቴ አልነበረም።