የወፍጮው ሞተር ከውኃ የወጣ ቀን

ወጥ ቤቴ ጥግ አንድ ቢጫ ጀሪካን አለ። አንገቱን ገመድ በልቶታል። ልጆቼ «እማዬ፣ ይሄን አሮጌ ዕቃ ጣይው እንጂ!» እያሉ ይጨቀጭቁኛል። አልጥልም!

ልጅ እያለሁ፣ ሆሳዕና፣ የሠፈራችን ወፍጮ የእናቴ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ ያሳደገን የዚያ ሞተር «ቱክ ቱክ» ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከሩቅ እየሰማነው፣ የትኩስ በቆሎ ዱቄት ሽታ እየሳበን እንሮጥ ነበር። ታዲያ የዘመን መለወጫችን የያሆዴ በዓል ሲቃረብ፣ ተበላሽቶ የነበረው ሞተር ዱራሜ ተጠግኖ መጣ። ከመናኸሪያ በጋሪ ተጭኖ ሲመጣ ጋሪው ጭቃ ላይ ተንሸራተተና ሞተሩ ዝናብ የሞላው የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። የሠፈሩ ወንዶች በገመድ ቢጎትቱት ገመዱ ተበጠሰ። እናቴ ዳሩ ላይ ቁጭ ብላ «ልጆቼን በምን ላሳድግ?» እያለች አለቀሰች።

ጎረቤታችን ጋሽ ላምቤቦ ድሮ ምጽዋ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። የሰመጠ መርከብ እንዴት እንደሚወጣ ሲያወሩ እኛ ልጆች አፋችንን ከፍተን እንሰማለን፤ ትልልቆቹ ግን «ጋሼ ደግሞ ጀመሩ!» ብለው ይስቃሉ። ያን ቀን ሸሚዛቸውን አወለቁና «ጀሪካን አምጡ!» አሉ። ባዶ ጀሪካን አፉ ወደ ታች ሆኖ ሞተሩ ላይ ታስሮ አየር ሲነፋበት ይዞት ይነሣል፤ መርከብም የሚወጣው እንዲሁ ነው አሉን።

ጣጣው ግን የቧንቧ ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የሠፈሩ ጀሪካን ሁሉ ለበዓል በስንት መከራ በተቀዳ ውኃ ሞልቷል። ባለሱቋ እትዬ ከድጃ «ኧረ ውኃ ነገም ይቀዳል!» ብለው የራሳቸውን ደጃቸው ላይ ገለበጡት። ከዚያማ ሠፈሩ በሙሉ ይደፋ ጀመር!

ጋሽ ላምቤቦ እየጠለቁ ጀሪካኖቹን አሰሩ። እኛ ከጎሚስታው በተዋስነው መንፊያና ቱቦ እየተፈራረቅን ነፋን። ውኃው ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ ቢጫ ጀሪካኖች ብቅ ብቅ አሉ፤ ሞተሩም ከጭቃው ተላቀቀ። እልልታው! ወንዶቹ ወደ ዳር ጎትተው አወጡት። እናቴ ጋሽ ላምቤቦን ከነጭቃቸው አቀፈቻቸው። «አላልኳችሁም?» አሉ፣ ጥርሳቸው በብርድ እየተንገጫገጨ። ሞተሩ ተፈትቶ፣ ተጠራርጎ፣ በበዓሉ ዋዜማ «ቱክ ቱክ» አለ።

ጀሪካኖቹ ግን ተደባለቁ። ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም ጭቃ! ሰው እየሳቀ ያገኘውን አንሥቶ ገባ።

ዛሬ ውኃው ወጥ ቤቴ ድረስ ይመጣል። ከግድግዳው ማዶ ያለውን ጎረቤቴን ግን ስሙን እንኳ አላውቅም። ልጆቼ ጣይው የሚሉኝ ጀሪካንም የኛ አይደለም። የማን እንደሆነ አናውቅም፤ የጠየቀንም የለም። የበዓል ውኃውን የደፋልን ሰው ጀሪካን ነው፤ ታዲያ እንዴት ልጣለው?